ከትከሻ በላይ

ሰው በአበባ ይተዋወቃል፣ በዘፈን ይተዋወቃል ይባላል። እነዚህ ሁለቱ የተዋወቁት በጭቅጭቅ ነው። ጭቅጭቁም ስለ ትከሻ ነበር።

ጂሙ ከጎሚስታ ቤት በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ጎማ ጎማ ይሸታል፤ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ላብና ዝገት። አንደኛው ግድግዳ ላይ ከጥጉ የተሰነጠቀ ትልቅ መስታወት አለ። አሰልጣኟ መጀመሪያ ያየችው በዚያ መስታወት ውስጥ ነው። ፀጉሩ ላይ፣ ቅንድቡ ላይ፣ የጆሮው ጠርዝ ላይ ሳይቀር ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ወጣት፣ ብረቱን ከደረቱ ወደ ላይ ይገፋል። ብረቱ ራሱን ሲያልፍ ፊቱ ይጨማደዳል፣ ከንፈሩን ይነክሳል። ያወርድና እንደገና ይገፋል።

«አንተ! አውርደው» አለችው።

«ሁለት ይቀረኛል።»

«ሁለቱን ለእኔ ተውልኝ። አውርድ ብዬሃለሁ!»

አወረደ። ቀኝ ትከሻውን በግራ እጁ ያዘ፤ ሰው እንዳያየው ደግሞ ቶሎ ለቀቀው። እሷ ግን አይታለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምህ?»

«ማነው ያመኛል ያለው?»

«ፊትህ።»

ውሃውን አንስቶ ጠጣ፤ የጠጣውም በግራ እጁ ነበር።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ኮርኒስ።»

«ኮርኒስ ምን?»

«ኮርኒስ እሠራለሁ። ጂፕሰም እለጥፋለሁ፣ እለስናለሁ፣ እፈትጋለሁ፣ እቀባለሁ።»

«እና ቀኑን ሙሉ እጅህ ከራስህ በላይ ነው።»

«ታዲያ በእግሬ ልለስነው?»

«ከዚያ ትመጣና ደግሞ ብረት ወደ ጣሪያ ትገፋለህ። ጣሪያ ምን አድርጎህ ነው እንዲህ የተጣላኸው?»

ሳቀ። ሲስቅ ከቅንድቡ ላይ ዱቄት ረገፈ። እሷ ልትቆጣ እንደነበር ረስታ አብራው ሳቀች፤ መሳቋ ሲታወቃት ደግሞ ኮስተር አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ በጂሙ ውስጥ ስሙ ኮርኒስ ሆነ፣ እሷም ለእሱ ኮች።

በማግስቱ ትንንሾቹን ዳምቤሎች አመጣችለት። አየት አደረጋቸው።

«እነዚህ የልጅ መጫወቻ አይደሉም?»

«ሞክራቸዋ። በጎን በኩል፣ እስከ ትከሻህ ድረስ ብቻ። እዚያ ስትደርስ አቁም፣ ከዚያ በቀስታ አውርድ። አትወርውረው፤ አውርደው።»

ብዙም ሳይቆይ ክንዱ ብርድ እንደያዘው ሰው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «የልጅ መጫወቻው እንዴት ነው?» አለችው እጇን አጣጥፋ። ትንፋሽ እንኳ በብድር ነበር የሚያገኘው። ቀጥላ ላስቲክ ግድግዳው ላይ አሰረችና ክርኑን ወደ ኋላ እያደረገ ወደ ፊቱ እንዲስበው አደረገች። ከዚያ ፑሽ አፕ። ብረቱን አልሰጠችውም።

«ቆይ፣ ትከሻ ወደ ላይ ሳይገፋ ያድጋል እንዴ?»

«ትከሻ ፊት አለው፣ ጎን አለው፣ ኋላ አለው። አንተ የምታሠራው የፊቱን ብቻ ነው። ኋላው ተኝቶ ፊቱ ብቻውን ይሸከምልሃል።»

«አንቺ ግን ትገፊያለሽ። ትናንት ብረቱን ከራስሽ በላይ ቀጥ አድርገሽ ስታቆሚው አይቻለሁ።»

«እኔ ቀኑን ሙሉ ኮርኒስ ስለስን አልውልም። ከራስ በላይ መግፋት ኃጢአት አይደለም፤ ለሚችለው ትከሻ እንደውም ጥሩ ነው። ያንተ ትከሻ ግን ድርሻውን ሥራ ላይ ጨርሶ ነው የሚመጣው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው የእኔ ሐሳብ።»

«እሺ፣ እስከ መቼ?»

«በቃ እስክልህ። ከትከሻ በላይ የለም።»

ይህች ቃል መጀመሪያ ሕግ ነበረች፣ በኋላ ቀልድ ሆነች፣ ቀስ እያለች ደግሞ የሁለቱ ብቻ ቋንቋ ሆነች። እመደርደሪያው ላይ ያለውን ብርጭቆ አውርድ ሲባል «ኮች ከልክላኛለች፣ ከትከሻ በላይ የለም» ይላል። እሷ ሥራ በዝቶባት ፊቷ የጠቆረ ቀን ደግሞ «ዛሬ ሐሳቡ ከትከሻ በላይ ሆኖብሻል፤ አውርጂው» ይላታል። እሷም ታወርደዋለች።

በሽታው በመጠኑ ለቀቀው። ማታ ማታ በቀኝ ጎኑ መተኛት ጀመረ፤ ይህንንም እንደ ትልቅ ምሥራች ሮጦ መጥቶ ነገራት። ትከሻው በትክክል መንቀሳቀሱን ለማየት ሁለት ጣቷን ጀርባው ላይ ታሳርፋለች፤ እሱም ያን ጊዜ ወሬውን ያቋርጣል። ዳምቤሉ ይወጣል፣ ዳምቤሉ ይወርዳል፣ ሁለቱም መስታወቱን ያያሉ፤ መስታወቱ ውስጥ ግን ማንም ዳምቤሉን አያይም። በመካከላቸው ምን እንደተጀመረ ከእነሱ ቀድመው ያወቁት ጂሙን የሚያዘወትሩት ጎረምሶች ናቸው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

አንድ ቀን ሊወጡ ሲሉ ፀጉሯ ላይ ነጭ ነገር አየ። የእሱው ጂፕሰም ነበር።

«ቆይ፣ እዚህ ጋ...» ብሎ ግራ እጁን ወደ ፀጉሯ አነሳ።

ሁለቱም ትከሻዎቿ ወደ ጆሮዎቿ ዘለሉ። ዓይኖቿ ተጨፈኑ። የአንድ ቅጽበት ነገር ብቻ ነበረች፤ ወዲያው ቀና አለች።

«ምነው?»

«ብርድ ነው።»

«መስኮቱ እኮ ዝግ ነው።»

«ብርድ ነው አልኩህ።»

እሱ ምንም አልጠየቀም። ሄደና የተዘጋውን መስኮት እንደገና ዘጋው። እሷ እንደወደደችው ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ቤታቸው በመጋረጃ የተከፈለች አንዲት ክፍል ነች፤ ከመጋረጃው ወዲህ የስፌት መኪናው፣ ከወዲያ አልጋው። ሜትሯ ከአንገቷ አይለይም። ሴት ደንበኛ ስትመጣ ፊት ለፊት ቆማ እየተጫወተች ትለካለች። ወንድ ሲመጣ ግን ከኋላው ትዞራለች። ደረቱንም፣ ክንዱንም፣ ትከሻውንም ከኋላ ነው የምትለካው። ደንበኞቿ የሙያ ዘዴ ይመስላቸዋል።

ልጇ ግን ታውቃለች። አባቷ ከሞተ ቆይቷል፤ እጁ ግን ገና እቤቱ ውስጥ አለ። ሰው ከመደርደሪያ ላይ ዕቃ ሊያወርድ ድንገት እጁን ሲያነሳ እናትየዋ አንገቷን ትሰብራለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ልጅቷም ያደገችው ከዚያው እጅ ሥር ነው። ትልቅ ሰው ስሆን ትከሻዬን እንደ ግንብ አደርገዋለሁ ብላ ነው ብረት ማንሳት የጀመረችው። ግንቡን ገንብታለች። ብርዱ ግን አልወጣላትም።

የጎረቤት ልጅ ታጨች፣ የአክስት ልጅ ወንድ ወደደች ሲባል እናትየዋ ስለ ሰውየው ሀብት አትጠይቅም፣ ትምህርቱንም፣ ዘሩንም አትጠይቅም። ጥያቄዋ አንድ ነው፤ «እጁን ያነሳል?»

ስለዚህ ልጇ አንድ ቀን ወሬውን ዙሪያ ጥምጥም ጀምራ፣ ጂም ውስጥ አንድ ሰው አለ፣ ኮርኒስ ይሠራል፣ ቀልደኛ ነው እያለች ስትናገር፣ እናትየዋ መኪናውን አቆመችና ጠየቀቻት።

«እጁን ያነሳል?»

«እማዬ! አምጥቼው ራስሽ ጠይቂው።»

እሑድ ከሰዓት መጣ። ፀጉሩን ታጥቦ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ጆሮው ጠርዝ ላይ ያለውን ዱቄት ግን ረስቶ። በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ እስከ አገጩ ደረሰ። እናትየዋ ከላይ እስከ ታች አየችው። ልጅቷ ደስታዋ አላስቀምጥ ብሏት «ለስላሳ ላምጣ» ብላ ወጣች። ባልወጣች ኖሮ ይህ ታሪክ ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ልጄ» አለች እናትየዋ፤ «እንዳትዋሸኝ።»

«ይጠይቁኝ እማማ።»

«እጅህን ታነሳለህ?»

ፊቱ በራ። ልጅቷ ስለ ትከሻው ነግራታለች ማለት ነው፤ እናት ደግሞ ልጄን የሚያገባት ሰው ሠርቶ ማደር ይችላል ወይ ብላ ብትጨነቅ ምን ይገርማል?

«አነሳለሁ እንጂ እማማ! ድሮማ በየቀኑ ነበር። ሥራ ላይ ውዬ እንኳ ማታ አላርፍም። አሁን ልጅዎ ከልክላኝ ነው የቀነስኩት።»

«ልጄ... ከለከለችህ?»

«አዎ፤ ከትከሻ በላይ የለም ብላኛለች። እስከ ትከሻ ብቻ ነው የፈቀደችልኝ። እሱንም ቀስ እያልኩ ነው፣ ጉዳት እንዳይኖረው።»

እናትየዋ ሜትሯን በሁለት እጇ ጨበጠች። «እና፣ መተው አቃተህ?»

«የለመደ እጅ አይደል እማማ? መጀመሪያ በጣም ከብዶኝ ነበር። እሷ ግን ታግሣኝ፣ እያረመችኝ... ሲያመኝ አቆማለሁ፤ ሲሻለኝ እቀጥላለሁ። ጨርሼማ አልተውም፤ እንጀራዬ ነው።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ምስኪኑ መልሱ ጥሩ የሄደለት መስሎት ነበር። የእናትየዋን ፊት ሲያይ ግን ጨነቀው፤ ቀና ሲል ከእሷ ራስ በላይ ኮርኒሱ ላይ የውሃ እድፍ አየ። ሙያው ታደገው መሰለው።

«ውይ እማማ፣ ኮርኒሱ ውሃ ጠጥቷል እኮ!» ብሎ ብድግ አለና በደህና እጁ፣ ከራሷ በላይ፣ ሊዳስሰው ተንጠራራ።

እናትየዋ ጮኸች። ሁለት ክርኖቿን ራሷ ላይ አድርጋ መኪናው ሥር ተሸጎጠች። ሜትሩ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ልጅቷ ለስላሳዎቹን እንደታቀፈች በሩ ላይ ቆማለች። የእሱ እጅ አየር ላይ ቀርቷል። ጣቶቹ ላይ ከኮርኒሱ የረገፈ ትንሽ ኖራ ነበር። ቀስ ብሎ አወረደው፣ ከጀርባው ደበቀው። እናትየዋን አየ፣ ልጅቷን አየ፤ ከዚያ ያ የብርድ ቀን ትዝ አለው።

«ይቅርታ እማማ» አለ፤ «ይቅርታ።» ግድግዳውን ታክኮ፣ ሁለቱንም እንዳይነካ እየተጠነቀቀ ወጣ።

ልጅቷ ነገሩ የገባት እናቷ ስታወራላት ነው። «በገዛ አፉ ነገረኝ እኮ! ልጅዎ ከትከሻ በላይ እንዳላነሳ ከለከለችኝ አለኝ!» ስትላት ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች። እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ እያለቀሰች አስረዳቻት፤ ስለ ዳምቤሉ፣ ስለ ብረቱ፣ ስለ ጅማቱ።

እናትየዋ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«እሺ፤ ጆሮዬ ተሳስቷል» አለች። «ሰውነቴን ግን ምን ልበለው? እጁ ራሴ ላይ ሲመጣ እኔ ሳላዘው ነው መኪናው ሥር የገባው። አንቺ ቤት ልጠይቅሽ ብመጣ፣ እሱ ኮፍያውን ከመስቀያ ሊያወርድ ሲነሳ በተሸጎጥኩ ቁጥር ምን ልትይኝ ነው? አባትሽም መጀመሪያ ያሥቀኝ ነበር። አይሆንም ልጄ። እኔ ዳግም አልችልም።»

በማግስቱ ጂም አልመጣም። ከዚያም በኋላ ቀረ። ሳምንት ሊሞላ ሲል ግን ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። አጠገቡ ተቀመጠች። ታች ጎሚስታው ጎማ እየነፋ ነበር።

«ያን ቀን ብርድ ነው ያልሽኝ» አለ መሬት መሬት እያየ፤ «ብርድ ነበር?»

ዓይኗን ወደ ጫማዋ መለሰች።

«እናትሽ ብትፈራኝ አልፈርድባትም። ትከሻዬ ሰፊ ነው፤ እስክትለምደኝ እታገሣለሁ። ግን አንቺስ? አንቺም ትፈሪኛለሽ?»

አልፈራህም ልትለው ፈለገች። ደግሞም አትፈራውም። ነገር ግን ትከሻዎቿ ያን ቀን ያደረጉትን ታውቃለችና አፏ ላይ ያለው ቃል ውሸት መሰላት። ልትዋሸው አልፈለገችም። ጎማው ሞልቶ መንፊያው ሲቆም ዝምታው ይበልጥ ተሰማ።

«ገባኝ» አለና ተነሣ። «ሩቅ ከተማ ትልቅ አዳራሽ አለ። ኮርኒሱን እንድሠራ ከጠየቁኝ ቆይተዋል፤ ለትከሻዬ ብዬ ነበር የተውኩት።»

«አዳራሽ? ከጠዋት እስከ ማታ እጅህ አይወርድም እኮ! ትከሻህ ገና አልዳነም። ይበጠሳል።»

«ሥራዬ ነው ኮች።»

«ከትከሻ በላይ የለም ተባብለን?»

«ከትከሻ በታች ሆኜም አልታመንኩም» አለ። ክፉ ሊናገራት አስቦ አይደለም፤ ከፍቶት ነው። ደረጃውን ሲወርድ ድጋፉን የያዘው በግራ እጁ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል። ክረምቱ እንዳለፈ ከሥራ ጓደኞቹ አንዱ ጂም መጥቶ ነገራት። የጂፕሰሙን ሰሌዳ ወደ ላይ ደግፎ ሚስማር ሲመቱለት ትከሻው ውስጥ ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሰሌዳውም ሰውየውም አብረው ወረዱ። ከመወጣጫው ዝቅተኛ እርከን ላይ ስለነበር ነፍሱ ተረፈች። ቀኝ እጁ ግን አልተረፈም።

ወደ ከተማው ተመልሶ የተከራየበትን ክፍል ጠይቃ ሄደች። በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ ስታደርገው መካከል ላይ አንድ ራስ የሌለው ሰው ቆሟል፤ ካናቴራውን በአንድ እጁ ሊያወልቅ ሲታገል ራሱ ላይ ተጠምጥሞበት ቀርቷል።

«ማነው?» አለ ከካናቴራው ውስጥ።

«እኔ ነኝ።»

ካናቴራው መታገሉን አቆመ። «እንዲህ ሆኜ ባታዪኝ ጥሩ ነበር።»

«አላየሁህም። ካናቴራ ነው ያየሁት» አለችና ቀስ ብላ አወለቀችለት። ፊቱ ሲወጣ ሁለቱም ፈገግ ለማለት ሞከሩ። አልሆነላቸውም። ግንባሯን ደህናው ትከሻው ላይ ጣለች፤ እሱም እጁን አላነሳም፣ እንዲሁ ቆሞ አስጠጋት።

ሐኪሙ ጅማቱ ተበጥሷል፣ ጊዜ ወስዶ በልምምድ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል ብሎታል። እሷ በማግስቱ ጀመረችው። ጎንበስ ብሎ ክንዱን እንደ ገመድ አንጠልጥሎ በትንሹ ማወዛወዝ ብቻ። ዳምቤል የለም፣ ላስቲክ የለም። የኮርኒሱ ባለሙያ ወለሉን እያየ ክንዱን ሲያወዛውዝ ማየት አንጀት ይበላል።

እናትየዋ ይህን ሰማች። ልብስ ማውለቅ እንኳ አቃተው ሲሏት የልብስ ሰፊ ልቧ አልቻለም። «አምጪው» አለች፤ «ከፊት የሚከፈት ሸሚዝ ልስፋለት። ሸሚዝ ነው ያልኩት፤ ሌላ አላልኩም።»

መጣ። አሁንም ግድግዳውን ታክኮ ገባ። እናትየዋ እንደ ልማዷ ከኋላው ዞረች፣ ትከሻውን ለካች፤ ቀኙ ወርዷል። ደረቱን ለመለካት ሜትሩን በብብቱ ማሳለፍ አለባት።

«እጅህን አንሳ» አለችው፣ ሳታስበው።

«አይነሳም እማማ።»

«ትንሽ እንኳ?»

ሞከረ። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። ክንዱ ከጎኑ የመዳፍ ስፋት ያህል ተላቀቀና ተመልሶ ወደቀ።

እናትየዋ ሜትሩን እንደያዘች ቆመች። ከዚያ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድ ልጅን ፊት ለፊቱ መጥታ ለካችው። ክንዱን ራሷ ደግፋ አነሳችለት፣ ሜትሩን አሳለፈች፣ ቀስ ብላ አወረደችው። «አይዞህ ልጄ» አለችው። ለስላሳ አስከፈተች። አሳቀችው። ልጅቷ ከመጋረጃው ወዲያ ቆማ ዓይኗን አላመነችም፤ የእናቷ ትከሻዎች ወርደው፣ አርፈው አይታቸው አታውቅም ነበር።

እሱ እንደሄደ እናትየዋ ጥቁር ጨርቅ ዘረጋች።

«ይሄ ሸሚዝ አይደለም» አለች ልጅቷ።

«ኮት ነው። ሙሽራ በሸሚዝ ብቻ አይቆምም። ቀኝ ትከሻው ስለወረደ በስፖንጅ እሞላለታለሁ፤ ማንም አያውቅበትም። በይ፣ ሂጂና ንገሪው። ተቀብዬዋለሁ።»

ልጅቷ እስከ እሱ ክፍል ያለውን መንገድ በሩጫ ነው የጨረሰችው።

«እማዬ እሺ አለች!» አለችው ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «ኮትህን ጀምራለች!»

ፊቱ በርቶ ተነሣ። ከዚያ ቀስ በቀስ የፊቱ ብርሃን እየቀነሰ ሄደ።

«ምን አይታ?» አለ።

«እጅህ...» ብላ ጀመረችና ልትጨርሰው ያለችውን ቃል ራሷ ሰማችው። ቆመች።

እሱ ጨረሰው። «እጄ እንደማይነሳ አይታ።»

«እንደዚያ አይደለም...»

«እንደዚያ ነው። የማያነሳ እጅ ይዤ መጣሁ፤ ፈራችኝ። የማይነሳ እጅ ይዤ ስመጣ ተቀበለችኝ።» ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻል ነበር። «አንቺ ታውቂያለሽ፣ እኔ ማንንም በእጄ ነክቼ አላውቅም። አሁን አስቢው። አንቺ በየቀኑ ታሠሪኛለሽ። ጎበዝ ነሽ፤ አንድ ቀን ይነሳል። ያን ቀን እናትሽ ተመልሳ መኪናው ሥር ልትገባ ነው? እኔስ ቤቴን ሰላም ለማድረግ እንዳልድን ልጸልይ?»

«እኔ እኮ አልፈራህም» አለች። ደረጃው ላይ ያላለችውን ቃል አሁን አለችው፤ እያለቀሰች፣ ከልቧ።

አያት። አመናት መሰለ። ጉንጯ ላይ እንባዋ ከፀጉሯ ጋር ተጣብቆ ነበር። ሊጠርግላት ግራ እጁን አነሳ።

ትከሻዎቿ ወደ ጆሮዎቿ ዘለሉ።

እጁ መንገድ ላይ ቆመ። እሷ ትከሻዎቿን በግድ ለማውረድ ታገለች፤ ስንቱን ሰው ስለ ትከሻ ስታስተምር የኖረች ሴት የገዛ ትከሻዋ አልታዘዝ አላት።

«ብርድ ነው?» አላት፣ በቀስታ።

«አዎ» አለች። «ብርድ ነው።»

ሄዶ መስኮቱን ዘጋ። ይህኛው መስኮት ግን በእርግጥ ክፍት ነበር።

በሳምንቱ እህቱ ወደምትኖርበት ከተማ ሄደ። እናትየዋ የሰፋችለትን ሸሚዝ ወሰደ፤ ኮቱን አልጠበቀም። መኪና ተራ ልትሸኘው ብትሄድም ብዙ አልተነጋገሩም። «ማወዛወዙን እንዳትተው» አለችው። «አልተውም» አላት። «አንቺም ተለማመጂ» አላት። ምኑን እንደሆነ አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችውም፤ ገብቷት ነበር።

እቤት ስትመለስ እናቷ የኮቱን እጅጌ እየገጠመች ነበር። ልጅቷ የነገራትን ሁሉ፣ እሱ እንዳለው አድርጋ ነገረቻት። የማያነሳውን እጅና የማይነሳውን እጅ። እናትየዋ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች።

«ለካ የማያነሳም አለ?» አለች።

ጥያቄ ነበር።

ከዚያ እናትየዋ መቀሷን አንስታ የኮቱን ቀኝ ትከሻ መፍታት ጀመረች። ስፖንጁን አወጣች። ሁለቱን ትከሻዎች እኩል አድርጋ እንደገና ሰፋቻቸው።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው? ቀኙ ወርዷል እኮ።»

«ቢድን ምን ይለብሳል?» አለችና በጥርሷ ክሩን በጠሰችው።

ኮቱ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ደንበኞች ዋጋ ሲጠይቁ «ባለቤት አለው» ትላለች።

ዓመታት ሄዱ። አሰልጣኟ አሁንም እዚያው ጂም አለች፤ መስታወቱም እንደተሰነጠቀ ነው። ለሰው የማትናገረው አንድ ልምምድ አላት። ጂሙ ባዶ ሲሆን አብራት የምትሠራውን ሴት አጠገቧ ታቆማትና «አንሺ» ትላታለች። ሴትየዋ ድንገት እጇን ታነሳለች። አሰልጣኟ መስታወቱን እያየች ትከሻዎቿን ታች ለማቆየት ትታገላለች። ካነሳቻቸው ብረቶች ሁሉ ይህኛው ይከብዳል። መጀመሪያ አካባቢ በየቀኑ ተሸነፈች።

ባለፈው ሰሞን አውቶቡስ ስትጠብቅ ሰው ተጋፍቶ ነበር። አውቶቡሱ ሊያልፋቸው ሲል አጠገቧ የቆመ ሰው ቀኝ እጁን፣ ከራሱ በላይ፣ ቀጥ አድርጎ አነሳ። እጅጌው ፊቷን ሊነካት ምንም አልቀረውም። ከእጅጌው ላይ ነጭ ዱቄት ረገፈ። ዞር ስትል መጀመሪያ ያየችው የጆሮውን ጠርዝ ነው።

አውቶቡሱ ቆመ። ሰዉ ገፍቶት ገባ። ስሙን ልትጠራ አፏን ከፈተች፤ ግን አፏ ላይ የመጣው «ኮርኒስ» ነበር፣ በሰው መሐል እንዴት ተብሎ ይጮኻል? በሩ ተዘጋ። በመስኮቱ ጀርባውን ሰጥቷት፣ በቀኝ እጁ የላይኛውን ብረት ጨብጦ እንደቆመ አውቶቡሱ ወሰደው። ባዶ መንገድ ላይ ቆማ ስታስበው ነው የገባት፤ እጁ አጠገቧ ሲነሳ ትከሻዎቿ ከቦታቸው አልተነቃነቁም ነበር። ይህን ማየት የሚገባው ሰው ግን አላየም።

ማታ እናቷን መኪናው ላይ ተጎንብሳ አገኘቻት።

«እማዬ፣ ዛሬ አየሁት። እጁ ተነሥቷል። ከራሱ በላይ።»

መኪናው ቆመ። ልጅቷ የእናቷን ትከሻዎች አየች። አልዘለሉም።

«እሰይ» አለች እናትየዋ። ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን ኮት ለረጅም ጊዜ አየችው።

«እንግዲያው ልኩ ነው» አለች።